የገናና የጥምቀት ስብከት አዘገጃጀት፦ ለጣና ዳር ጀማሪ ሰባክያን

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ስልኬ መጮህ ይጀምራል። የሚደውሉት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። «ጋሼ፣ የገናን ስብከት ለኔ ሰጡኝ፤ ምን ልበል?» ይሉኛል። አንዳንዱ የሚደውለው ታኅሣሥ 27 ማታ ነው። ያን ጊዜ ከመጸለይ በቀር ብዙ የምረዳው ነገር የለኝም። ዘንድሮ ቀደም ብዬ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ። ባሕር ዳር ውስጥም ሆነ በዘጌ፣ በደብረ ማርያም፣ በሐይቁ ዙሪያ ባሉ አጥቢያዎች ለምታገለግሉ፣ ሕዝብ ፊት መቆም ገና ለጀመራችሁ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። ስለ ገና በጥቅሉ ለመናገር አትነሡ። ስለ ጥምቀትም እንዲሁ። በዕለቱ የተነበበውን ክፍል ይዛችሁ ተነሡ፤ እዚያው ቆዩ፤ እዚያው ጨርሱ። ቀጥሎ ያለው ሁሉ ይህ እንዴት እንደሚደረግ ነው።

1. ቀኑን ቁጠሩ፣ ግጻዌ ግለጡ

ብዙ ሰው የገና ስብከት ታኅሣሥ 29 የሚጀምር ይመስለዋል። ቤተ ክርስቲያን ግን ቀድማ ነው የምታዘጋጀን። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። ከታኅሣሥ 7 እስከ 13 ባለው የሚውለው እሑድ ስብከት ይባላል፤ ከ14 እስከ 20 ያለው ብርሃን፣ ከ21 እስከ 27 ያለው ኖላዊ። የየራሳቸው ምስባክ (ከወንጌል በፊት የሚዜም የዳዊት መዝሙር ቃል) እና ወንጌል አላቸው። በስብከት «ፈኑ እዴከ እምአርያም» ይባላል፤ እጅህን ከአርያም ላክ ማለት ነው። ወንጌሉ ፊልጶስ ናትናኤልን «መጥተህ እይ» ያለበት የዮሐንስ 1 መጨረሻ ነው። በብርሃን «ፈኑ ብርሃነከ ወጽድቀከ» ነው፣ ብርሃንህንና ጽድቅህን ላክ ማለት ነው፤ ወንጌሉ እዚያው ዮሐንስ 1 ከመነሻው። በኖላዊ «ኖላዊሁ ለእስራኤል አጽምእ»፣ የእስራኤል እረኛ ሆይ አድምጥ ማለት ነው፤ ወንጌሉ ዮሐንስ 10፣ የመልካሙ እረኛ። በእነዚህ ሦስት እሑዶች ሳያልፍ ገና ላይ የደረሰ ሰባኪ ሳይጾም እንደ ፈሰከ ሰው ነው። ነቢያቱ ስንት ዘመን «ውረድ፣ ላክ፣ ስማን» ብለው እንደጮኹ ካልሰማ፣ ሕፃኑ ሲወለድ ምን እንደተመለሰ አይገባውም።

የበዓሉንም ቀን አረጋግጡ። ገና ታኅሣሥ 29 ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን 28 ይውላል፣ ከዚያ በፊት ያለው ጳጉሜን 6 ቀን ስለሚሆን። መለየቱ ቀላል ነው። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍሉት፤ ቀሪ ከሌለው ዘመኑ የዮሐንስ ነው። 2016 እንዲህ ነበር፤ ቀጣዩ 2020 ነው። ጥምቀት ሁልጊዜም ጥር 11 ነው። ከተራ 10፣ ቃና ዘገሊላ 12።

ግጻዌ (የየዕለቱ ምስባክና ንባብ የተዘረዘረበት መጽሐፍ) ከሌላችሁ ከደብራችሁ ዲያቆናት ጠይቁና ገጹን በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የዳዊትን ቁጥር ከግጻዌው ወስዳችሁ ስልክ ላይ ባለ መጽሐፍ ቅዱስ ስትከፍቱ ሌላ መዝሙር ሊመጣባችሁ ይችላል። የኛ ዳዊት 22ኛው «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለው፣ በሌላው አቆጣጠር 23 ነው። አብዛኛው በአንድ ቁጥር ይለያያል። በቁጥሩ ብቻ አትተማመኑ፤ ቃሉን አይታችሁ አመሳክሩ።

የስብከተ ወንጌል ክፍሉን ፈቃድና የተመደበላችሁን ደቂቃም በዚያው ሳምንት ጠይቁ። ይህ አያከራክርም።

2. ጮክ ብላችሁ ሦስት ጊዜ አንብቡ

በዓይን ማንበብና በጆሮ መስማት ይለያያል። ምእመኑ የሚሰማው በጆሮው ነው፤ እናንተም አስቀድማችሁ በጆሮ ስሙት። እኔ ወደ ማታ፣ ነፋሱ ሲበርድ፣ ሐይቁ ዳር ወጣ እልና ለብቻዬ ጮክ ብዬ አነባለሁ። የመጀመሪያውን ጊዜ ምንም ሳትጽፉ እስከ መጨረሻው ውረዱት። በሁለተኛው ማን ምን እንዳደረገ ብቻ ተከታተሉ። በሦስተኛው እስከ ዛሬ ዘላችሁት ያለፋችሁትን ቃል ፈልጉ። ሁልጊዜ አንድ ይገኛል።

እኔ ለዓመታት ዘልዬው የኖርኩት ቃል ግርግም ነበር። ሉቃስ 2፥7 ላይ «በግርግምም አስተኛችው» ይላል። ትሕትናን ያሳያል እልና አልፈው ነበር። አንድ ጊዜ ከሐይቁ ማዶ ገጠር ቤት በእንግድነት አደርኩ። በአንድ በኩል እኛ፣ በሌላው በኩል ከብቶቹ ነበርን። በኩራዝ ብርሃን ግርግሙን አየሁት። ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ ነው። ጠርዙ የከብቶቹ አንገት ሲያርፍበት ከርሞ ለስልሶ ያብረቀርቃል። ውስጡ ጭድ አለ፤ ጭዱ በምራቅ ርሷል። ለቤቱ እናት ያን ምዕራፍ ሳነብላቸው ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ ግርግም እኮ ቀዝቃዛ ነው፤ የሚሞቀው ላሟ ስትተነፍስበት ነው» አሉኝ። እኔ ደብተሬ ላይ ስለ ትሕትና ሁለት ገጽ ጽፌ ነበር። እሳቸው ያሰቡት ልጁ እንዳይበርደው ነው። አባቶቻችንም እንስሳቱ በትንፋሻቸው አሞቁት ብለው ያስተምራሉ። ያን ማታ ሁለቱን ገጽ ትቼ ከሳቸው ቃል ጀመርኩ።

3. ጽሑፉን ጠይቁት

ደብተር ውሰዱ፤ ገጹን መሐል ለመሐል በመስመር ክፈሉት። በግራ በኩል ወንጌሉ የሚለውን፣ በቀኝ በኩል ጥያቄያችሁን ጻፉ። ጥያቄዎቹ ተራ ይሁኑ። ማን ተናገረ? ማን ዝም አለ? ማን ተነሥቶ ሄደ? ማን ቀረ?

በገና ዕለት በሚነበበው ማቴዎስ 2፥1-12 ላይ እንሞክረው። ሰብአ ሰገል ከምሥራቅ መጡ፣ ጠየቁ፣ ሄዱ፣ ሰገዱ። ሄሮድስ ደነገጠ። የካህናት አለቆችና ጸሐፍትስ? ክርስቶስ ወዴት እንደሚወለድ ተጠየቁ፤ ሳያመነቱ «በይሁዳ ቤተ ልሔም» ብለው መለሱ፤ የሚክያስን ቃል በቃላቸው ያውቁታል። ከዚያ በኋላ ታሪኩ ውስጥ የሉም። ከኢየሩሳሌም እስከ ቤተ ልሔም ወደ 10 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በእግር ሁለት ሰዓት ገደማ። እነዚያ ኮከብ አይተው ስንት አገር አቋርጠው ሲመጡ፣ ትንቢቱን በቃላቸው የያዙት ሁለት ሰዓት አልሄዱም። ይህን ያየሁት ደብተሬ ላይ «ማን ቀረ?» ብዬ ስጽፍ ነው፤ እኔ ራሴ ጥቅስ የማውቅ ሰው ስለሆንኩ ከብዶኝ ነበር።

ምስባኩንም ጠይቁት። በገና የሚሰማው «ነገሥተ ተርሴስ ወደሰያት አምኃ ያበውኡ» ነው፤ የተርሴስና የደሴቶች ነገሥታት እጅ መንሻ ያመጣሉ። ደሴቶች! ይህን ቃል ደቅ ላይ፣ ክብራን ላይ፣ ደብረ ማርያም ላይ ሆኖ የሚሰማ ሰው አለ። በታንኳ ወይም በጀልባ ተሻግሮ የመጣ ሰው በጉባኤው መሐል ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ለሱ ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የግእዙ ትርጉም ሳይነገረው ካለፈ ግን አይሰማውም። ስለዚህ ምስባኩን ስትጠቅሱ ቃል በቃል፣ ቀስ ብላችሁ ፍቱለት።

4. ወደ የኔታ ሂዱ

ጥያቄያችሁን ጽፋችሁ ሂዱ፤ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። «የኔታ፣ ስለ ጥምቀት ይንገሩኝ» ስትሏቸው ከየት ይጀምሩላችሁ? «የኔታ፣ ጌታ ለምን በዮርዳኖስ ተጠመቀ?» ብትሏቸው ግን ትርጓሜውን ያወርዱላችኋል። ዮርዳኖስ ከላይ ምንጩ አንድ ነው፣ ዝቅ ብሎ ለሁለት ይከፈላል፣ ጌታ የተጠመቀበት ቦታ ላይ ይገናኛል፤ ሕዝብና አሕዛብ፣ የተገረዘውና ያልተገረዘው በክርስቶስ አንድ የመሆናቸው ምሳሌ ነው ይሏችኋል። «አንድም» እያሉ ሌላ ሌላ ትርጓሜ ሲጨምሩ አትቸኩሉ፤ የሚጠቅማችሁ ሦስተኛው «አንድም» ላይ ሊሆን ይችላል።

ቤት ስትገቡ ደብተራችሁ ላይ ሦስት ነገር ለዩ፦ ወንጌሉ የሚለውን፣ የአባቶች ትርጓሜና ትውፊት የሆነውን፣ የአገር ልማድ የሆነውን። ማቴዎስ የሰብአ ሰገልን ቁጥር አይናገርም፤ ሦስት ዓይነት እጅ መንሻ እንዳመጡ ይናገራል። ሦስት ነገሥታት መሆናቸውና ስማቸው የትውፊት ነው። እረኞች የምሥራቹን ሰምተው በደስታ ገና ተጫወቱ የሚለው የአገራችን ነው፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለውም እንዲሁ። ሦስቱንም መናገር ይቻላል። ግን «ወንጌሉ እንዲህ ይላል» ብላችሁ ወንጌሉ ያላለውን አትናገሩ። ወጣቶቹ ስልክ ይዘው ነው የሚሰሟችሁ፣ እዚያው ይፈልጉታል። ባይፈልጉትም ቃሉ የእግዚአብሔር ነው፤ መጠንቀቅ አለብን።

5. አንድ ዐረፍተ ነገር

አሁን የስብከቱን ፍሬ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ። «ስለ ልደት፣ ስለ ትሕትና፣ ስለ ፍቅርና ስለ ሰላም» ብሎ ነገር ዐረፍተ ነገር አይደለም። «ጸሐፍት መንገዱን ያውቁ ነበር፤ አልሄዱም» ዐረፍተ ነገር ነው። ለታናሽ እህታችሁ ንገሯትና ከአንድ ሰዓት በኋላ መልሳችሁ ጠይቋት። ከያዘችው ደግ ነው። ካልያዘችው እንደገና ጻፉ።

ከዚያ በዚህ ዐረፍተ ነገር ዙሪያ የማይገባውን ሁሉ አውጡ። ያማል፤ አውቃለሁ። ያወጣችሁትን አትጣሉት፤ ለከርሞ ይሆናል።

6. ምሳሌውን ከደጃችሁ ፈልጉ፣ ግን ለኩት

እኛ በዚህ ነገር ታድለናል። ውኃ አለን፣ ጀልባ አለን፣ ዓሣ አጥማጅ አለን፣ እረኛ አለን። ከደንገል ታንኳ የሚሠራ ሰው አለን። በዘጌ መቅደሶች ግድግዳ ላይ ያሉት ሥዕሎች ፊደል ለማይቆጥር ሕዝብ ስንት ዘመን ሰብከዋል። ሆኖም ምሳሌ ሲበዛ ስብከቱን ይውጠዋል። እምቦጭን ውሰዱ። ሐይቁን ሲያለብስ ያየነው ነው፤ ከላይ ሲያዩት አረንጓዴ ነው፣ ያብባል፣ ያምራል፤ ከሥር ግን ጀልባ አያሳልፍም፣ መረብ አያስጥልም። ስለ ኃጢአት ለመናገር የተመቸ ምሳሌ ነው። አንድ ዓመት በጥምቀት ተጠቀምኩበት። ስጨርስ ሰዎች ከበቡኝና ስለ እምቦጭ ማጥፊያ ጠየቁኝ። ስለ ዮርዳኖስ አንድም ሰው አልጠየቀኝም። ከዚያ ወዲህ ምሳሌን የምለካው በዚህ ነው፦ ሰሚው ይዞት የሚሄደው ሐይቁን ነው ወይስ ጌታን? ሐይቁን ከሆነ አውጡት። ካልሆነ በሁለት ዐረፍተ ነገር ተናገሩትና ወደ ወንጌሉ ተመለሱ።

7. ከተራ ላይ ስትቆሙ

የጥር 10 ማታ ስብከት ከሌላው ሁሉ ይለያል። ታቦታቱ ወርደው ድንኳን ገብተዋል። ሕዝቡ ከቀትር ጀምሮ ሲዘምር፣ ሲያጨበጭብ፣ በፀሐይ ሲሄድ ውሎ ደክሟል። ሕፃናት ያለቅሳሉ። ከወዲያ ማዶ ሌላ ድምፅ ማጉያ አለ። እዚህ ላይ 40 ደቂቃ የሚሰብክ ሰው ሕዝቡን አላየም ማለት ነው።

እኔ መጀመሪያ ከተራ ላይ ስቆም አሥራ ሁለት ገጽ ይዤ ነበር። ሦስተኛው ገጽ ላይ መብራት ጠፋ፤ ማይኩ ዝም አለ። ወረቀቱም አይታየኝም። ከፊት ያሉት እናቶች ይጠብቁኛል። በቃሌ የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ማቴዎስ 3፥17፤ «የምወደው ልጄ ይህ ነው በእርሱ ደስ ይለኛል።» እሱኑ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ደገምኩት። ጌታ ገና አንድ ተአምር ሳያደርግ፣ አንድ ስብከት ሳይሰብክ አብ በልጁ ደስ እንዳለው መሰከረ አልኩ። ዳግመኛ ደገምኩትና ወረድኩ። አምስት ደቂቃም አልሞላም። ጠዋት አንዲት እናት ጸበል ተረጭተው ሲመለሱ ቃሉን በቃላቸው ይሉት ነበር።

ስለዚህ፦ የከተራን ስብከት ከ15 ደቂቃ አታሳልፉ። ቁልፍ ጥቅሱን በቃላችሁ ያዙ። መብራት እንደሚጠፋ አድርጋችሁ ተዘጋጁ። ማይኩን ከአፋችሁ ትንሽ ራቅ አድርጉት፤ በጮኻችሁ መጠን ቃሉ ይጠፋል። ዐረፍተ ነገሩን አሳጥሩ፤ ከጨረሳችሁ በኋላ እስትንፋስ እስክትወስዱ ዝም በሉ፤ ድምፁ ተጉዞ ከኋላ ያሉት ዘንድ ይድረስ።

ጥምቀቱ የጌታ ጥምቀት መታሰቢያ እንጂ ዳግም መጠመቅ እንዳልሆነም በአጭሩ አስረዱ። አንዲት ጥምቀት ነው ያለችን። ውኃው ተባርኮ ሲረጭ በረከት እንቀበላለን፤ ጠዋት አራቱም ወንጌላት የሚነበቡትም የዚያን ቀን ነገር እንድናስብ ነው።

የማልወደውን ልንገራችሁ። በጥምቀት መድረክ ላይ ቆሞ ልጃገረዶችን በልብሳቸው የሚገሥጽ ሰባኪ አልወድም። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ያለ ሕዝብ ነው፤ ዓመት ቆጥቦ ገዝቶ ነው የለበሰው። ለአምላኩ አጊጦ የመጣን ሰው ደጃፍ ላይ አታሸማቅቁት። ምክር ካለ ሌላ ቀን አለ። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ መመዝገቡን እየጠቀሱ ግማሹን ሰዓት መጨረስም አለ። ደስ የሚል ነገር ነው፣ እኔም ደስ ብሎኛል። ግን ያን ዜናው ይናገረዋል፤ እናንተ ዮርዳኖስን ተናገሩ።

8. ያዘነውን ሰው አትርሱት

በዚህ ዘመን ሐዘን ያልገባበት ቤት ጥቂት ነው። ከፊታችሁ ጥቁር የለበሰ ሰው አለ። «ደስ ይበላችሁ!» እያላችሁ ብቻ ከሄዳችሁ እሱን ከበዓሉ ታስወጡታላችሁ። ወንጌሉ አላስወጣውም። ማቴዎስ 2ን እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ ሰብአ ሰገል ወርቅ አቅርበው ከሄዱ በኋላ የቤተ ልሔም ሕፃናት ይታረዳሉ፣ «ራሔል ስለ ልጆችዋ አለቀሰች መጽናናትም አልወደደችም» ይላል። ወንጌላዊው ይህን ከልደቱ ታሪክ አላወጣውም፤ እናንተም ቢያንስ በአንዱ ጉባኤ አንብቡት። አታብራሩት፣ ማንንም አትክሰሱበት፣ ፖለቲካም አታድርጉት። አንብባችሁ ዝም በሉ። ከዚያ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ መሰደዷን ተናገሩ። ጣና ቂርቆስ ላይ እንዳረፈች አባቶች ያወሱናል፤ የዚህ አገር ሰው ይህን ሲሰማ ስደተኛይቱ በደጁ እንዳለፈች ሆኖ ይሰማዋል።

9. ጥር 12

በቃና ዘገሊላ ብዙ ሰባኪ ይደክመዋል፤ ሕዝቡ ግን የሚካኤልን ታቦት ሊሸኝ ነቅሎ ይወጣል። የውኃ በዓል ከውኃ በዓል ጋር ተገናኝቶ ነው ቃና እዚህ የዋለው። ዮሐንስ 2፥1-11ን በተራ ቁጥር 3 ባልኩት መንገድ ጠይቁት። ስድስት የድንጋይ ጋኖች፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ወይም ሦስት እንስራ የሚይዙ። ደምሩት፤ ከ12 እስከ 18 እንስራ ውኃ ነው። ማን ቀዳው? አገልጋዮቹ። «እስከ አፋቸውም ሞሉአቸው» ይላል። አሳዳሪው የወይን ጠጁን ቀመሰ፣ ከየት እንደመጣ ግን አላወቀም፤ «ውኃውን የቀዱት አገልጋዮች ግን ያውቁ ነበር»።

ይህን ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አስተምሬ ስጨርስ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ሰፈራቸው ውኃ ስለሚጠፋ በየማለዳው ጀሪካን ተሸክማ ትቀዳለች። «ጋሼ፣ 18 እንስራ ለመሙላት ስንት ጊዜ ተመላልሰው ይሆን?» አለችኝ። አልመለስኩላትም። የሚቀጥለውን ዓመት የጥር 12 ስብከት እንድታዘጋጅ ደብተሩን ሰጠኋት።